ጥርስ ያልነበረበት ዘመን

ጥርሴን ለማስሞረድ የተቀጠርኩት ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ክሊኒኩ ያለው አዳማ ነው። እኔ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት የነበርኩት ሻሸመኔ፣ የወደፊት አማቶቼ ቤት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ስምጥ ሸለቆው ከነሐይቆቹ ተዘርግቷል፤ ሕይወቴን የለወጠው ነገር የገጠመኝም እዚያ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ለመድረስ አልቸኩልም፤ እናንተም አትቸኩሉ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ መጀመሪያ ልንገራችሁ። ወንጂ አካባቢ፣ በሸንኮራ አገዳ በተከበበ ሠፈር ተወልጄ ያደግኩ፣ አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር፣ ዮናታን ለሚባል ሰው የታጨሁ ሴት ነበርኩ። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ናቸው። በእኛ ሠፈር የጉድጓድ ውኃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ በልዞ ነው የሚያድገው። ልጅ ሳለሁ ይህ ጉድለት መሆኑን አላውቅም ነበር። የእናቴ ጥርስ፣ የጎረቤቶቻችን ጥርስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ጥርስ ሁሉም አንድ ነው። የሚስቅ ሰው ሳሉ ስንባል ጥርሱን በቡናማ ከለር ነበር የምንቀባው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ደጋ አገር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ገና በተዋወቅን ሰሞን፣ በጣም በትሕትና፣ «ሲጋራ ማጨስ የጀመርሽው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስናገር እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ከእጄ ጠመኔ ስለማይጠፋ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ከንፈሬ ነጭ ሆኖ ነው የምወጣው። ተማሪዎቼ «ዱቄት» ብለው ስም አወጡልኝ። ስሙ የወጣልኝ በጥርሴ ሳይሆን በጠመኔው በመሆኑ እንደ ድል ቆጥሬው ነበር።

ወደ ሻሸመኔ የሄድኩት አርብ ነው። ዮናታንን ሥራ ስለያዘው ብቻዬን ሄድኩ። ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፤ ወሩ ጥቅምት ነበር። እራት ላይ እናቱ እትዬ አስቴር እጄን ያዙኝ። እትዬ አስቴር ደግ ሴት ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለው ነገር ክፉ እንዳያስመስላቸው ነው።

«ሊዱዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉ። «ሠርግ ነው። ቪዲዮው ዕድሜ ልክ ይታያል። ሰው ደግሞ አፉን አይዘጋም፤ ትቅማለች፣ ታጨሳለች ይላል። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። አዳማ ጥሩ የጥርስ ሐኪም አለ ብለውኛል፤ የፊት የፊቶቹን ሞርዶ ነጭ ያለብስልሻል። የእኔ የሠርግ ስጦታ ነው። ለነገ ከሰዓት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።»

«እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ለይሉኝታ ያልኩት አይደለም፤ እኔም እፈልገው ነበር። ዮናታንን በስልክ ስነግረው «እንዳንቺ ነው፣ ለእኔ ምንም ማለት አይደለም» አለኝ። ምንም ማለት ያልሆነው ጥርሴ ይሁን መሞረዱ አልገባኝም።

«አባትሽን አታዪያቸውም!» ብለው እትዬ አስቴር ወደ ባላቸው ዞሩ። ጋሽ ገመቹ፣ የዮናታን አባት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ጥርሳቸው እንደ ሸክላ ሰሃን ነጭ ነው። አርቴፊሻል ነው። ታሪኩን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ ያን ዕለት ለእኔም ተነገረኝ። ሊጋቡ ጥቂት ሲቀራቸው የጋሽ ገመቹ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተጋጨ፤ መሪው አፋቸውን መትቶ ጥርሳቸውን አረገፈው፤ ነፍሳቸው ግን ተረፈች። እትዬ አስቴር በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያናቸው የምስጋና ፕሮግራም ላይ ማይክ ይዘው የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

«እጁን ዘርግቶ ነው የያዘልኝ!» አሉ፣ አሁንም ዓይናቸው እንባ እየሞላ። «ያ ሁሉ ጥርስ ረግፎ ከንፈሩ ላይ እንኳ ጭረት የለም። ጌታ እንዲህ ነው!»

«ተይው እስቲ፣ ልጅቷ ትብላበት» አሉ ጋሽ ገመቹ፣ ሰሃናቸውን እያዩ።

በነጋታው ጋሽ ገመቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ለመጫን ባዶ መኪና ይዘው ይወጡ ስለነበር፣ መጀመሪያ እኔን አዳማ እንዲያደርሱ ታዘዙ። እትዬ አስቴር በር ላይ ቆመው «ክሊኒኩ በር ድረስ ነው! መንገድ ላይ ጥለሃት እንዳትሄድ!» አሉ። ጋሽ ገመቹ በእጃቸው እሺ አሉና ሞተሩን አስነሡ።

ጋቢና ውስጥ ከፍ ብሎ መቀመጥ ደስ ይላል። ነጌሌን እስክናልፍ ብዙ አላወራንም። ላንጋኖ ጋ ስንደርስ ግን ሐይቁ በስተቀኝ ብቅ አለ፤ የላንጋኖ ውኃ እንደምታውቁት ቡናማ ነው። ጋሽ ገመቹ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ይኼን ቡናማ ውኃ ብሎ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል» አሉ። «ይሞረድ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አላወቅኩም፤ ፈገግ ብዬ አፌን ሸፈንኩ።

«እንደው ግን፣ ጥርስን የሚያበልዘው ምንድን ነው? አስቴር ሸንኮራው ነው ትላለች።»

«ውኃው ነው። ፍሎሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። የልጅ ጥርስ ሲሠራ ከበዛበት . . .»

«እጅሽን አውርጂ፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ አልሰማሽም።»

አወረድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር፤ ሞተሩ ግን እውነትም ይጮኽ ነበር።

«ውኃውስ ከየት አመጣው?»

«ከድንጋዩ። የእኛ አገር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ውኃው በውስጡ ሲያልፍ አጥቦ ይዞት ይመጣል።»

«ድንጋዩስ?»

«ከምድር ሆድ።»

«ምድርስ ከየት አመጣችው?»

«ጋሽ ገመቹ፣ ይኼ ጥያቄ በጣም ሩቅ ይወስደናል።»

«ባዶ መኪና ነው የምንነዳው፣ ምን ቸገረን?» አሉ። «እኔ ዕቃ ስጭን መነሻውን ማወቅ እወዳለሁ። ሰው ሲጠየቅ ከጅቡቲ ነው ይልሻል። ጅቡቲ ማለፊያ ነው እንጂ መነሻ አይደለም። እስከ መጀመሪያው ድረስ ንገሪኝ።»

ይህንኑ ትምህርት በዚያው ሳምንት አስተምሬው ነበር፤ ግማሹ ክፍል አንቀላፍቶብኝ። አሁን ግን እስከ መጀመሪያው ድረስ ንገሪኝ የሚል ተማሪ አገኘሁ። ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«መጀመሪያ ላይ የነበረው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው» አልኩ። «ሁለቱም ቀላል ጋዞች ናቸው። ሌላ ነገር የለም ቢባል ይቀላል። የእኛ ጋላክሲ ገና ሲጀመር ከዚያ ጋዝ ከዋክብት ተሠሩ፤ አንዳንዶቹ ከፀሐይ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ። ትልቅ ኮከብ ደግሞ ነዳጅ አይቆጥብም፤ ቶሎ ይጨርሳል።»

«እንደ አሮጌ ሞተር።»

«እንደዚያው። ሃይድሮጅኑን ሂሊየም ያደርገዋል፤ ሲያልቅበት ሂሊየሙን ካርቦን፣ ካርቦኑን ሌላ፣ ሌላውን ሌላ፣ እንዲህ እያለ ብረት ድረስ ይሄዳል። ብረት ላይ ይቆማል።»

«ለምን ይቆማል?»

«ከብረት ጉልበት አይወጣም። ኮከቡ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ደግፎት የነበረው ደግሞ ያ ጉልበት ነው። ድጋፉ ሲጠፋ እምብርቱ በቅጽበት ይደረመሳል፤ የቀረው ይፈነዳል። ያኔ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረውን ሁሉ ይበትነዋል፤ ፍንዳታው ውስጥም አዲስ ነገር ይሠራል። እንደ ወርቅ ያሉት ከባዶቹ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነገር ይፈልጋሉ፤ የሞቱ ከዋክብት እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የሚሠሩም አሉ።»

መጋጨት የሚለውን ቃል ስናገር ጋሽ ገመቹ አንዴ አየት አደረጉኝና ወደ መንገዱ ተመለሱ።

«ይህን ሁሉ እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ነው እኔ የማውቀው» አሉ ቆይተው።

«እኔም እንደዚያው ነው የማውቀው። ክፍል ውስጥ የማስተምረው በምን ዓይነት ምድጃ እንደሆነ ነው።»

ይኼ አልከበዳቸውም። «ፍሎሪኑስ?» አሉ።

«ፍሎሪን አስቸጋሪ ነው። ኮከብ ውስጥ ሲሠራ ብዙ አይቆይም፤ እዚያው ሙቀቱ መልሶ ያጠፋዋል። የሚተርፈው በጊዜ ተገፍቶ የወጣው ብቻ ነው። ይበልጥ የወጣው ከኮከቡ በሚነፍሰው ነፋስ ይሁን በፍንዳታው፣ ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል። የተበተነው ሁሉ ከሌላ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ኮከብ ይሆናል፤ ያም ይሞታል፤ በስንትና በስንት ትውልድ ፀሐይና ምድር መጡ። ምድርም ከዚያ ነው ያገኘችው።»

«ስለዚህ አንቺ ጥርስ ላይ ያለው፣ ከእሳቱ ያመለጠው ነው።»

እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም ለመቀጠል ብዬ ይመስለኛል የሚቀጥለውን የተናገርኩት።

«ጥርሱ ራሱ ከዚያው ነው» አልኩ። «ጥርስ ካልሲየም ነው፣ ፎስፈረስ ነው። ጋላክሲው ሲጀመር አንዱም አልነበረም። የፈለጉትን ያህል ሰማዩን ቢያስሱ፣ አንድ ጥርስ የሚሠራበት ነገር አያገኙም ነበር። ከዋክብት ተቃጥለው፣ ፈንድተው፣ ተበትነው ነው የተገኘው።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ጋሽ ገመቹ ማርሽ ቀነሱ፤ መንገዱ ግን ሜዳ ነበር። ቡልቡላን አለፍን፣ ባቱን አለፍን፣ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቅር ያሰኛቸው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ሠጋሁ። ወይ እምነታቸውን ነካሁ፣ ወይ ብዙ ቀባጠርኩ። እጄ ወደ አፌ ተመለሰ።

መቂ ልንገባ ስንል መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት አይተው አቆሙ። «አከም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት፤ ትንሽ ተሳሳቁ፤ ሁለት እሸት ይዘው ተመለሱ። መኪናውን ፈቀቅ አድርገው ከግራር ሥር አቆሙና አንዱን ሰጡኝ። የራሳቸውን መሪው ፊት አስቀመጡት። የእኔን ግማሽ እስክበላ የእሳቸው አልተነካም።

«እርስዎ አይበሉም?»

«ይኼ ጥርስ በቆሎ አይችልም» አሉ። «ሽታውን ነው የምገዛው።»

ከዚያ መሀረባቸውን አወጡ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጥርሳቸውን አወለቁ፤ የላዩንም የታቹንም። በመሀረብ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሲዞሩ ሌላ ሰው ሆኑ። ጉንጫቸው ገባ፣ አገጫቸው ወጣ፤ ያረጁ መሰሉ።

«መኪናው አልተጋጨም» አሉ። አነጋገራቸው ላይ ፉጨት ተቀላቅሎበት ነበር።

«የቱ መኪና?»

«አስቴር የምትመሰክርበት መኪና። ተጋጭቶ አያውቅም። ፍሬኑም ደህና ነበር።»

በቆሎውን ያዝኩ እንጂ መብላት አቆምኩ።

«እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው» ብለው ወደ ሐይቁ በኩል ወዳለው ማሳ አመለከቱኝ። «ጥርሴ ካንቺ የባሰ ነበር። የአስቴር ቤተሰቦች ከደጋ ናቸው። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አባቷ ‹ልጁ ምን በሽታ አለበት?› ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩኝ፤ አስቴር ምንም አላለችኝም። እኔ ግን መተኛት አልቻልኩም። ሥራ አገኘሁ ብዬ ወጣሁና አዲስ አበባ ሄጄ አስነቀልኳቸው። ሐኪሙ ‹ይኼ እኮ ደህና ጥርስ ነው› ብሎኛል። ንቀለው አልኩት። ከዚያ ምን ብዬ ልመለስ? ተጋጨሁ አልኩ። እሷ ወዲያው ተንበርክካ ማመስገን ጀመረች። ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገራል?»

«እስካሁን አያውቁም?»

«በእንቅልፍም አላወልቀውም። የማጥበው መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ነው።» ከዚያ እንደ ቀልድ ለማድረግ ሞከሩ። «ሐኪሙ ባልዲ ነበረው፤ ቆርቆሮ። እየነቀለ ሲጥል ይጮኻል። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። አሁን አንቺ ደግሞ አንድ ጥርስ የሚሠራበት አልነበረም ትይኛለሽ። ኢንታላ ኮ፣ ስንት ኮከብ ነው የፈነዳው? እኔ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት።»

ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እሳቸው አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ በቆሎዬን እንደያዝኩ።

«እንግዲያው እንዳላደርገው ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

«አላልኩም። ጥርሱ ያንቺ ነው። ወደሽው ከሆነ አድርጊው። ፈርተሽ ከሆነ ግን፣ እኔም ያስነቀልኩት ፈርቼ ነው፤ አስቴር ምሳሌ አድርጋ ያሳየችሽ ደግሞ እኔኑ ነው።»

«እትዬ አስቴርን ምን እላቸዋለሁ?»

  የሠርግ ስጦታ ያውም በእናት እጅ ሲሰጥ አይመለስም፤ ገና ቤታቸው ሳልገባ ልቤ ደንዳና ነው እንደ ማለት ነው። ምክንያቱን ብናገር የጋሽ ገመቹን ምሥጢር አወጣለሁ። እሳቸው ራሳቸው ቢናገሩ ደግሞ የእትዬ አስቴር የምስክርነት ዓመታት ሁሉ ይወድቃሉ። ጥርሳቸውን መልሰው አጠለቁ፤ መልካቸው ተመለሰ፤ መንገዳችንን ቀጠልን። አለም ጤናን፣ ቆቃን፣ ሞጆን ያለ ብዙ ንግግር አለፍናቸው።

አዳማ መግቢያ ላይ መኪናውን አቁመው በባጃጅ ገባን። ያን ሁሉ ሰውነት ባጃጅ ውስጥ አጥፈው ሲቀመጡ ያሳዝኑ ነበር። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። የእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ስሜ ተጠራና ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ቀጠሮ ስለነበረኝ ይመስለኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ። አፌን በመብራት አየና ጥቃቅን የጥርስ ናሙናዎች የተደረደሩበት ነገር አወጣ፤ ከክሬም መሰል ንጣት እስከ በረዶ ድረስ ናቸው። አንድ በአንድ ከጥርሴ አጠገብ እያስጠጋ «የቱን ንጣት ትመርጫለሽ?» አለኝ።

«ጥርሶቼ ታመዋል?» አልኩት።

«አይ፣ ያንቺ መልኩ ብቻ ነው። ጠንካራ ናቸው።»

«ከተሞረዱ በኋላ ሐሳቤን ብለውጥስ?»

«አንዴ ከተሞረደ አይመለስም። ሁልጊዜ ሽፋን ይፈልጋል።» መስታወት ሰጠኝ። «አስቢበት፣ አትቸኩይ።»

መስታወቱ ውስጥ ጥርሴን አየሁት። እንደዚያ አፌን ከፍቼ፣ ያለ እጅ፣ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ፈራሁ። የፈራሁት መሞረዱን አልነበረም፤ ተነሥቼ መውጣቱን ነው። እትዬ አስቴርን፣ ቪዲዮውን፣ ሰው የሚለውን ሁሉ ነው የፈራሁት። «ይኼኛውን» ብዬ አንዱን ናሙና ነካሁ። ሐኪሙ ጓንቱን ሊያጠልቅ ዞረ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከወዲያ የጋሽ ገመቹ ድምፅ ተሰማ፤ ስልክ ላይ ናቸው። አነጋገራቸው ላይ ያ ፉጨት አለ። ጥርሳቸውን አውልቀዋል፤ ያውም ሰው በሞላበት።

«አስቴር፣ መኪናው አልተጋጨም።»



«የዛሬው አይደለም፣ ዛሬማ ደህና ነን። የድሮው። አዎ፣ ያ። አልተጋጨም። እኔ ነኝ ያስነቀልኩት። . . . ድምፄ? ጥርሴን አውልቄ ነው። . . . አባትሽ በሽታ አለበት ስላለ። . . . አዎ፣ ደህና ነበሩ። ሁሉም ደህና ነበሩ። . . . አስቴር? ልጅቷን ግን እንዳላስነቅላት . . . አስቴር?»

ስልኩ እንደተዘጋ ገባኝ። ሐኪሙ አንድ ጓንት አጥልቆ ሌላውን እንደያዘ ቆሟል፤ እሱም ሰምቷል። ከወንበሩ ተነሣሁ። ምንም የተዘጋጀሁበት ንግግር አልነበረኝም። «ይቅርታ፣ ዶክተር፣ ዛሬ አይሆንም» ብዬ ወጣሁ።

ጋሽ ገመቹ መሀረቡን በአንድ እጃቸው፣ ስልኩን በሌላው እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል።

«ዘጋችው» አሉኝ።

«ይደውላሉ።»

«አታውቂያትም።» ከዚያ ቀና ብለው አፌን አዩ፤ እንዳልተነካ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በይ እንሂድ፣ ሞጆ እየጠበቁኝ ነው» ብለው ተነሡ።

እትዬ አስቴር ለእኔም ለብዙ ቀን አልደወሉም። ዮናታን ቤቱ ዝም ዝም ብሏል አለኝ፤ እማዬ ሳሎን፣ አባዬ ጋቢና ውስጥ እየዋሉ ነው። ሠርጉ የሚፈርስ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ስልኬ ጮኸ።

«ለሌለ አደጋ ይህን ሁሉ ዘመን ማይክ ይዤ አለቀስኩ!» አሉ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «ሰው ሁሉ በእኔ ምስክርነት ሲጽናና!» ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። «ሊዱዬ፣ እኔ እኮ እሺ ያልኩት ያንን ጥርስ አይቼ ነው። በመዘምራን ልምምድ ላይ ሲስቅ አይቼው። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ አደጋው ነው የቀየረው ብዬ ስጸልይለት ኖርኩ።» አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። «በአንቺ ላይ ያደረግኩትም በእሱ ላይ የተደረገውን ነው ለካ። ይቅር በይኝ።»

ውድ አንባቢዎች፣ ጥርሳችሁን አታስተካክሉ እያልኩ አይደለም። አስተካክላችሁ ደስ ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ እኔም አንድ ቀን አደርገው ይሆናል። የእኛ ሠፈር ልጆችም ንጹሕ ውኃ አግኝተው ነጭ ጥርስ ቢያወጡ ከማንም በላይ ደስ ይለኛል፤ የበዛ ፍሎሪን መልክ ብቻ አይደለም፣ አጥንትም ይጎዳል። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። አንድን ነገር ከራሳችሁ ላይ ከመጣላችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ጋሽ ገመቹ እንደጠየቁት፣ እስከ መጀመሪያው ድረስ። እኔ መልሱን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር፤ ከራሴ አፍ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

አሁን ያንን ትምህርት ስጀምር እጄን አወርድና ለተማሪዎቼ ጥርሴን አሳያቸዋለሁ። «ይኼ ከየት መጣ?» እላለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ከመሀላቸው አንዷ ሳታውቀው የራሷን እጅ ከአፏ ላይ ታነሣለች። እንቅልፍ የሚወስደው ተማሪ ቀንሷል። ስሜ ግን ዱቄት እንደሆነ ቀረ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። እኔ ጥርሴን ይዤ ገባሁ። ጋሽ ገመቹ ደግሞ ጥርሳቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው መጡ። የመዘምራኑ ዝማሬ ሲደምቅ ከነባዶ ድዳቸው እየሳቁ ያጨበጭቡ ጀመር። ካሜራ ማኑ ተጨንቆ ወደ እትዬ አስቴር ጠጋ ሲል ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«እማማ፣ አባታችን ጥርሳቸውን ረስተው የመጡ መሰለኝ፤ ካሜራውን ወደ ሌላ ላዙረው?»

እትዬ አስቴር ከባላቸው ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«አልረሳም» አሉት። «ቅረጽልኝ።»